የካፌው ጠረጴዛ፦ «ዘ ኤል ዎርድ»ን ያቆመውና ያናጋው

ሼን ማክከቺን የገዛችውን ባር «ዳናስ» ብላ ሰየመችው፤ የዳና ቤት እንደማለት ነው። «ዘ ኤል ዎርድ፦ ጄኔሬሽን ኪው» የተባለውን ተተኪ ድራማ ያለ ቀደምቱ የጀመረ ተመልካች ስሙን ሰምቶ ያልፈዋል። የመጀመሪያውን ድራማ ከ2004 ጀምሮ የተከታተለ ግን እዚያ ላይ ደረቱ ጠበብ ይላል። ዳና ፌርባንክስ በ2006 በጡት ካንሰር የሞተችው የቴኒስ ተጫዋች፣ የሼን የልብ ጓደኛ ናት። ድራማው ከዚያ ሞት በኋላ ልኩን ያጣበት ምክንያትና ተተኪው በ2023 የተሰረዘበት ምክንያት የተለያዩ ናቸው። ሁለቱም ግን የሚገቡን ታሪኩ በምን ላይ እንደቆመ ስናይ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዘ ኤል ዎርድ» በአሜሪካው የኬብል ጣቢያ ሾውታይም ጃንዋሪ 18 ቀን 2004 ተጀምሮ ማርች 8 ቀን 2009 ያበቃ፣ ስድስት ምዕራፍ የዘለቀ ተከታታይ ድራማ ነው። የፈጠሩት አይሊን ቼይከን፣ ሚሼል አበት እና ካቲ ግሪንበርግ ሲሆኑ እስከ መጨረሻው የመራችው ቼይከን ናት። ታሪኩ የሚካሄደው በሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ ዌስት ሆሊውድ ውስጥ ነው። ርዕሱ «በኤል የሚጀምረው ቃል» ማለት ነው፤ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ፊደሉን ብቻ ጠርቶ የሚያልፈው ቃል፣ ሌዝቢያን። ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛም ቋንቋ ጉዳዩን ያለ ስድብና ያለ ክስ የሚጠራ የቆየ አንድ ቃል ስለሌለ ጋዜጠኞች «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» የሚለውን ረጅም ሐረግ ይጠቀማሉ፤ አለዚያም የውጭውን ቃል እንዳለ ይወስዱታል።

ከዚያ በፊት የነበረውን ችግር በቁጥር ማስረዳት ይቀላል። አንድ ድራማ ውስጥ ያለችው ሌዝቢያን አንዲት ብቻ ከሆነች የሁሉም ሸክም በእሷ ጀርባ ላይ ይጫናል። ክፉ ከሆነች ሁሉም ክፉ ናቸው ይባላል። ደግ ብቻ ከሆነች ደግሞ ሰው መሆኗ ይቀርና ምስል ትሆናለች። ከሞተች ከታሪኩ ውስጥ ሌዝቢያን የሚባል ጠፋ ማለት ነው። እሷን የምትመስል ጓደኛ ስለሌላት የምታወራው ሁሉ ለማያውቅ ሰው የሚሰጥ ማብራሪያ ይሆንባታል። ኤለን ደጀነረስ በኤፕሪል 1997 በኮሜዲ ድራማዋ ውስጥ ገጸ ባሕርይዋ ሌዝቢያን መሆኗን ስትናገር 42 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከታት። በዚያ ምሽት የመኪና አምራቹን ክራይስለርን የመሰሉ ድርጅቶች ማስታወቂያቸውን አላወጡም። በቀጣዩ ዓመት ድራማውን ያሳይ የነበረው ጣቢያ ኤቢሲ ሰረዘው።

«ዘ ኤል ዎርድ» ስምንት ሴቶችን ይዞ መጣ። ቤት ፖርተር የሥነ ጥበብ ማዕከል ዳይሬክተር ናት፤ እልኸኛ፣ ሥራ ወዳድ፣ በፍቅሯ ላይ የምትማግጥም ናት። ቲና ኬናርድ የቤት ፖርተር የሰባት ዓመት አጋር ናት፤ ልጅ ለመውለድ ስትል የፊልም ሥራዋን ትታለች። አሊስ ፒዜስኪ ጋዜጠኛ፣ ሼን የፀጉር ባለሙያ፣ ዳና ደግሞ ማንነቷን ከስፖርቱ ዓለም የደበቀች ተጫዋች ናት። ጄኒ ሼክተር ከወንድ ጓደኛዋ ጋር ለመኖር ሎስ አንጀለስ ገብታ ከካፌው ባለቤት ከማሪና ጋር ፍቅር የያዛት ደራሲ ናት። የቤት ፖርተር ታላቅ እህት ኪት ደግሞ ወንድ የምትወድ ሙዚቀኛ ናት፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ማሪና ስትሄድ «ዘ ፕላኔት» የተባለውን ካፌ የምትረከበው እሷ ናት። እንዲህ ከሆነ አንዷ ልትዋሽ፣ ሌላዋ ልትፈራ፣ ሦስተኛዋ ልታሳፍር ትችላለች፤ የአንዷ ጥፋት የሌላዋ አይሆንም። ከሁሉ በላይ ማብራሪያው ይቀራል። ካፌው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ነገሩን ስለሚያውቁት ወሬው በቀጥታ ወደ ፍሬው ይገባል፦ ማን ከማን ተለያየ፣ ማን ሥራ አጣ፣ ማን እናቷን ልታነጋግር ነው። ቡና ተፈልቶ ሲወራ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ስልት ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። አቦል ላይ የተነሳው ነገር በረካ ላይ ሌላ መልክ ይዞ ይመለሳል።

የጠረጴዛው ካርታ የአሊስ ሰሌዳ ነው። «ቻርት» ትለዋለች። የከተማዋን ሴቶች ስም ትጽፍና አብረው የተኙትን በመስመር ታያይዛለች፤ ሁለት ስሞች ምንም ያህል ቢራራቁ በጥቂት መስመሮች ይገናኛሉ። ለደራሲዎቹ ይህ ትልቅ መሣሪያ ነበር፤ አዲስ ሴት ወደ ታሪኩ ለመግባት የሚያስፈልጋት አንድ መስመር ብቻ ነውና። ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል። መስመሩ ሲበዛ ሁሉም የሁሉም የቀድሞ ፍቅረኛ ይሆናል፤ ከክበቡ ውጭ ያለ ዓለም፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ፣ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከአራተኛው ምዕራፍ በኋላ ያለው ድካም በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

ይህን ሁሉ ያስቻለው የገንዘቡ አካሄድ ነው። ነፃ ሥርጭት ያለው ጣቢያ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ሦስት ትልልቅ ደንበኞች ከሸሹ የክፍሉ ሒሳብ ይፈርሳል። ሾውታይም ግን ማስታወቂያ የሌለው፣ ተመልካቹ በየወሩ ከፍሎ የሚያየው ጣቢያ ነበር። ለእንዲህ ያለ ጣቢያ ወሳኙ ጥያቄ «ይህ ድራማ ባይኖር ውላቸውን የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ ወይ?» የሚል ነው። ሌላ ቦታ ራሳቸውን የማያገኙ ሴቶች ለአንድ ድራማ ብለው የወር ክፍያውን ይከፍላሉ። ጣቢያው ስለ ወንዶች የተሠራውን «ኩዊር አዝ ፎክ» ከ2000 ጀምሮ ሲያሳይ ይህን አይቶታል። ለዚህም ነው «ዘ ኤል ዎርድ» በተጀመረ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሁለተኛ ምዕራፍ የተፈቀደለት።

ቀረጻው ሎስ አንጀለስ ሳይሆን ካናዳ ውስጥ፣ ቫንኩቨር ነበር። የካናዳ ዶላር ርካሽ ነበር፣ የግብር ቅናሽም ነበረ። ፀሐይዋ የማትጠልቅ የሚመስለው ዌስት ሆሊውድ ዝናብ በሚበዛበት ከተማ ተሠራ። በዚህ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ቫንኩቨር ያለችበት ግዛት ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሁለት ሴቶች እንዲጋቡ የፈቀደችው በጁላይ 2003 ነው። ስለዚህ ተዋናዮቹ ማግባት የማይችሉ ጥንዶችን የሚጫወቱት ማግባት በሚቻልበት ምድር ላይ ቆመው ነበር። በሦስተኛው ምዕራፍ ማብቂያ ሼንና ፍቅረኛዋ ካርመን ሊጋቡ ወደ ካናዳ የሚሄዱትም በዚህ ሕግ ምክንያት ነው።

ድራማው ከሁሉ የበረታው የሕግና የቤተሰብ ጣጣን ወደ ታሪክ በቀየረበት ቦታ ነው፤ የቤትና የቲና ልጅ ጉዳይ ከሁሉ ይልቃል። ሲጀመር ሁለቱ የወንድ ዘር ለጋሽ ይፈልጋሉ። ቤት ያመጣችው ሰው ጥቁር አርቲስት ነው። ቲና ነጭ ናት፤ ታመነታለች። ቤት ከጥቁር አባትና ከነጭ እናት የተወለደች በመሆኗ ማመንታቱ ወደ እሷ ዞሮ ያርፋል፦ አጋሬ የምትወደኝ ምኔን ነው? ይህ ክርክር ሊኖር የቻለው ተዋናይቷ ጄኒፈር ቢልስ ቤት እንደ እሷ ሁለት ዘር ያላት እንድትሆን ስለጠየቀች ነው። ኪትን ሆና የተጫወተችው ፓም ግሪየር እህቷ ሆና የገባችውም ከዚህ በኋላ ነው። አንድ የተዋናይ ጥያቄ የድራማውን ግማሽ ሥጋ ሰጠው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥሎ ሕጉ ይመጣል። በወቅቱ የካሊፎርኒያ ሕግ ዘሩ በሐኪም በኩል ከተሰጠ ለጋሹን አባት አይለውም ነበር። ገንዘብ ለመቆጠብ ወይም ለግላዊነት ሲሉ ከሚያውቁት ሰው ተቀብለው ቤታቸው ውስጥ የሚሞክሩ ጥንዶች ግን ይህን ጥበቃ ያጡ ነበር፤ ሰውየው ከዓመታት በኋላ መጥቶ አባትነቱን ሊጠይቅ ይችል ነበር። ሁለተኛው አደጋ ያልወለደችው እናት ነበረች። ምጡ ላይ እጅ ይዛ ብትቆም፣ ሌሊት ተነስታ ብታጠባም (በጡጦ)፣ ወረቀት ላይ ባዳ ነበረች። መፍትሔው የሁለተኛ ወላጅ ጉዲፈቻ የሚባለው ነበር፦ ለፍርድ ቤት ማመልከት፣ የወለደችው እናት መብቷን ሳትለቅ በጽሑፍ መስማማት፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤት መጥቶ ማጣራት፣ በመጨረሻ ዳኛ ፊት ቀርቦ ውሳኔ መቀበል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን መንገድ ያጸናው በኦገስት 2003 ነው፤ ድራማው ከመጀመሩ አምስት ወር በፊት። ከጃንዋሪ 2005 ጀምሮ ደግሞ በግዛቱ የተመዘገቡ አጋሮች በልጅ ላይ ከባለትዳር ጋር ተቀራራቢ መብት አገኙ። ሆኖም ሌላ ግዛት ላይቀበለው ስለሚችል ጠበቆች ጉዲፈቻውን ጨርሱ ማለታቸውን አልተዉም።

የሚበላሸው የት ነው? በመካከሉ ባለው ጊዜ። ሂደቱ ወራት ይወስድ ነበር፤ ጥንዶቹ በእነዚያ ወራት ከተጣሉ የወለደችው ስምምነቷን ልታነሳ ትችል ነበር። ደራሲዎቹ ታሪኩን የሰቀሉት ልክ በዚህ ስንጥቅ ላይ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤቱን እያጣራ የጥንዶቹ ፍቅር እየፈረሰ ይሄዳል፤ ቲና ወደ ወንድ ታዘነብላለች፤ ቤት ልጇን አንጀሊካን የማጣት ፍርሃት ይይዛታል። በመጨረሻም ሕፃኗን ይዛ ትጠፋለች። ድርጊቱ ስህተት ነው፤ ተመልካቹ ግን ሕጉ እዚያ እንዴት እንዳደረሳት ደረጃ በደረጃ ስላየ ሊፈርድባት ይከብደዋል። ጥሩ ድራማ የሚባለው ይህ ነው።

ዳናም ተመሳሳይ እውነተኛ መሬት ነበራት። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሱባሩ የተባለው የመኪና ድርጅት የማስታወቂያ ውል ሲያቀርብላት ማንነቷ ቢታወቅ ሁሉም የሚፈርስ ይመስላታል፤ ድርጅቱ ግን የፈለጋት ለዚያው ማንነቷ ነበር። ይህ ከደራሲ ጭንቅላት ብቻ የወጣ አይደለም። ሱባሩ በ1990ዎቹ ደንበኞቹን ሲያጠና ሌዝቢያን ሴቶች ዋና ገዢዎቹ እንደሆኑ አግኝቶ በግልጽ ለእነሱ ማስተዋወቅ ጀምሮ ነበር፤ በ2000 ደግሞ የቴኒስ ባለታሪኳን ማርቲና ናቭራቲሎቫን በማስታወቂያው አሰልፏል። አሊስ ኋላ ላይ የምትወዳት የጦር መኮንኗ ታሻ ዊሊያምስም እንዲሁ ናት። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆናቸው የታወቀ ወታደሮችን ከሠራዊቱ የሚያስወጣው «አትጠይቅ፣ አትናገር» የተባለው የ1993 ሕግ ከ13,000 በላይ ሰዎችን አሰናብቷል፤ የተሻረው ድራማው ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ በ2011 ነው።

የተመልካች ዓይን ጉዳይም አለ። ሾውታይም የአልጋ ትዕይንት የሚፈልግ ወንድ ተመልካችም ነበረው፤ ጣቢያው ይህን አልጠላውም። ደራሲዎቹ በሁለተኛው ምዕራፍ ለዚህ መልስ ሞከሩ፤ ማርክ የሚባል ወጣት ከሼንና ከጄኒ ጋር ቤት ይጋራና ክፍላቸው ውስጥ ካሜራ ይደብቃል። ጄኒ ስትደርስበት የምታሰማው ቁጣ በስክሪኑ ማዶ ላለውም ሰው ነው። ሐሳቡ ደፋር ነው። ችግሩ የማርክ ታሪክ ብዙ ጊዜ ወስዶ የሴቶቹን ወንበር መያዙ ነው።

አሁን ወደ ዳና ሞት። የጡት ካንሰርን መምረጡ ራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ልጅ አለመውለድ የበሽታውን ዕድል በመጠኑ ከፍ ያደርጋል፤ ሐኪም ቤት ገብተው ስለ ባላቸው የሚጠየቁ ሌዝቢያን ሴቶች ደግሞ ምርመራውን ሊያዘገዩት ይችላሉ። ይህን ማንሳት ተገቢ ነበር። ዳና ግን እብጠቱን ካገኘች በኋላ በጥቂት ክፍሎች ውስጥ ትሞታለች፤ በሽታውን ታግሎ መኖር፣ ከሕክምና በኋላ ከተለወጠ አካል ጋር መልመድ፣ ከአሊስ ጋር መታረቅ፣ ይህ ሁሉ ሊጻፍ የሚችል ታሪክ ተዘጋ። በዚያ ላይ ተመልካቾቹ ሌላ ቁስል ነበራቸው። በ2002 «በፊ» በተባለው ድራማ ውስጥ ሌዝቢያኗ ታራ በጥይት ሞታ ነበር፤ ሴትን የሚወዱ ሴቶች በድራማ ውስጥ ደስ ብሏቸው ብዙ አይቆዩም የሚለው ምሬት የቆየ ነው። በ2016 «ዘ ሀንድረድ» በተባለው ድራማ ውስጥ ሴት የምትወደው ሌክሳ ስትሞትም ያው ቁጣ በብርቱ ተመልሷል። ይህ ድራማ ግን ለዚያ ልማድ መድኃኒት ተደርጎ የታየ ነበር፤ ከስምንት አንዷን ማጣት ከአንድ አንዷን እንደማጣት አይደለምና። የሒሳቡ ጉድለት ዳና የጠረጴዛው ማገናኛ መሆኗ ነው። አሊስን ታሳብዳለች፣ ሼንን ታስቃለች፣ ቤትን ትፈራለች፤ ሁሉም በእሷ በኩል ይሳሳቃሉ። ከእሷ በኋላ አዲስ ሴቶች ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ አንዳንዶቹም ጎበዞች ነበሩ፤ ማርሊ ማትሊን የተጫወተቻት መስማት የተሳናት ቀራፂ ጆዲ አንዷ ናት። የዳናን ሥራ የሠራ ግን አልተገኘም።

በዚያው ሦስተኛ ምዕራፍ ማክስ መጣ፤ በሴትነት ያደገ፣ ወንድ ሆኖ መኖር የጀመረ ሰው፣ ትራንስ ወንድ የሚባለው። በ2006 በአሜሪካ ቴሌቪዥን እንዲህ ያለ ቋሚ ገጸ ባሕርይ አልተለመደም ነበርና ዕድሉ ትልቅ ነበር። አያያዙ ግን ክፉኛ ጎዳው። የወንድ ሆርሞን ያለ ሐኪም ሲወስድ ቁጡና ተደባዳቢ ይሆናል፤ የተመልካቹ ትምህርት ሆርሞን ሰውን አውሬ ያደርጋል የሚል ሆነ። በስድስተኛው ምዕራፍ አርግዞ ፍቅረኛው ጥሎት ሲሄድ ጓደኞቹ ምቾቱን ሳይጠብቁ ሲያሾፉበት እናያለን። ጠረጴዛው ለሁሉም የሚበቃ ነው ያለ ድራማ ለአንዱ ወንበር ነፈገ። «ጄኔሬሽን ኪው» ይህን ለመካስ ሞክሯል። ትራንስ ወንድ የሆነውን ማይካን ትራንስ ተዋናዩ ሊዮ ሼንግ ተጫወተው፤ በሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ማክስ ራሱ፣ በዳንኤል ሲ፣ ቤተሰብ መሥርቶ ተመለሰ፤ ጓደኞቹ እንዴት እንደያዙትም ፊት ለፊት ተነሳ።

ስድስተኛው ምዕራፍ ስምንት ክፍል ብቻ ነበር፤ የሚጀምረውም በጄኒ ሬሳ ነው። ከዚያ ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ እያንዳንዷ ጓደኛ ጄኒን ለመግደል ምን ምክንያት እንዳላት ያሳያል። ይህ ምርጫ መዋቅሩን ከሥሩ ገለበጠው። አምስት ዓመት ሙሉ ተመልካቹ እነዚህን ሴቶች ሲያምን ኖሮ አሁን ማን ገዳይ ናት እያለ ዓይናቸውን እንዲመረምር ተጠየቀ። የወዳጅ ጠረጴዛ የተጠርጣሪ ወንበር ሆነ። ምስጢር የሚጽፍ ሰው ደግሞ አንድ ዕዳ አለበት፤ መልሱን መስጠት። በማርች 2009 ድራማው ያለ መልስ ተዘጋ። አሊስን ይዞ በሴቶች እስር ቤት ሊቀጥል የታሰበ «ዘ ፋርም» የተባለ ሌላ ድራማ የሙከራ ክፍል ተቀርጾለት ነበር፤ ሾውታይም አልተቀበለውም። ተመልካቹ ለአሥር ዓመት ያህል ጥያቄውን ይዞ ቀረ። «ጄኔሬሽን ኪው» በዲሴምበር 2019 ሲጀመር ጄኒ ራሷን እንዳጠፋች በአጭሩ ተናግሮ አለፈ። ኪትም በሁለቱ ድራማዎች መካከል ባለው ጊዜ ከመጠን ያለፈ አደንዛዥ ዕፅ ወስዳ ሞታለች ተባለ፤ ቤት ለሎስ አንጀለስ ከንቲባነት የምትወዳደረው በዚህ ሐዘን ተገፍታ ነው። ከመነሻው ስምንት ሴቶች ሦስተኛዋ መሆኗ ነው፤ ስንብት እንኳ ሳናይላት።

በማርጃ ሉዊስ ራያን የሚመራው አዲሱ ድራማ በሦስት ምዕራፍ 28 ክፍል ካሳየ በኋላ በማርች 2023 ተሰረዘ። የተመልካች ፍቅር መቀነስ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ግን የ2004ቱ ሒሳብ መገልበጡ ነው። በጃንዋሪ 2023 መጨረሻ ሾውታይም የኢንተርኔት ሥርጭት ከሆነው ከፓራማውንት ፕላስ ጋር እንደሚዋሃድ ተገለጸ። ድሮ ጣቢያው ታማኝ ደንበኛውን ላለማጣት ይከፍል ነበር። የኢንተርኔት ሥርጭት ድርጅት ግን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው አዲስ ተመዝጋቢ ነው፤ ሦስተኛ ምዕራፍ ደግሞ አዲስ ሰው እምብዛም አያመጣም። የተዋናይ ክፍያ በየምዕራፉ ሲጨምር፣ የሚመጣው አዲስ ሰው ሲቀንስ፣ ሁለቱ መስመሮች በሁለተኛውና በሦስተኛው ምዕራፍ አካባቢ ይቋረጣሉ። ኔትፍሊክስ «ዋሪየር ነን» የተባለውን ድራማ በዲሴምበር 2022 ያቆመው ከሁለት ምዕራፍ በኋላ ነው። አማዞን «ኤ ሊግ ኦፍ ዜር ኦውን» የተባለው ድራማ ለአራት ክፍል እንደሚቀጥል ካሳወቀ በኋላ በኦገስት 2023 ሰርዞታል። የሴት ጓደኛሞች ታሪክ ደግሞ ቶሎ የሚደርስ ሰብል አይደለም። ጠረጴዛው እስኪሞቅ፣ ተመልካቹ ማን ከማን እንደተኳረፈ እስኪያውቅ፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ የሚለካ ድርጅት ይህን ጊዜ አይሰጥም።

የ«ጄኔሬሽን ኪው» የመጨረሻ ክፍል በጃንዋሪ 2023 ሲታይ ቤትና ቲና ተጋቡ። በ2004 አብረው ሲጀምሩ በካሊፎርኒያ ይህ አይፈቀድም ነበር። በ2008 በጋ ላይ ተፈቅዶ በኖቬምበር በሕዝብ ድምፅ ተከለከለ፤ በጁን 2013 ተመለሰ፤ በጁን 2015 በመላው አሜሪካ ጸና። ልጃቸው አንጀሊካ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። አሊስ የራሷ የቴሌቪዥን ውይይት አዘጋጅ ሆናለች፤ ሼን ባለ ባር ናት። በ2004 በ«ዘ ፕላኔት» ጠረጴዛ ከተዋወቅናቸው ስምንት ሴቶች በታሪኩ ውስጥ የቀሩት እነዚህ አራቱ ነበሩ።